ሰባራ ባቡርና የጠጋኙ እጅ፦ ስለ አዲስ አበባ መንገዶችና ድልድዮች አጠባበቅ የታሪክ ማስታወሻ

የከተማ ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከመሥራቹ ነው። ማን ቆረቆራት፣ የመሠረቱን ድንጋይ ማን አኖረ፣ ማን መርቆ ከፈተ ተብሎ ይጠየቃል፤ መልሱም በሐውልት ላይ ይቀረጻል፣ በመማሪያ መጽሐፍ ይሰፍራል። የተሠራው ነገር ከተመረቀ በኋላ ግን ማን ጠበቀው፣ ማን ጠገነው፣ ስንት ክረምት ከመፍረስ አዳነው ብሎ የሚጠይቅ እጅግ ጥቂት ነው። የመንገድና የድልድይ ዕድሜ ደግሞ ከማናቸውም የሰው ልጅ ሥራ ይልቅ በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ድልድይ የሚሠራው አንድ ጊዜ ነው፤ ቆሞ የሚገኘው ግን በየዓመቱ የሚጠብቀው እጅ ስላለ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአዲስ አበባን መንገዶችና ድልድዮች ታሪክ ከዚህ ከተዘነጋው ወገን መመልከት ነው። ለዚህም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሰፈሮቻችን ስሞች፣ የወጡት አዋጆችና በየዕለቱ የምንረግጠው አስፋልት ራሱ በቂ ምስክሮች ናቸው።

የሸለቆዎቹ ከተማ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የተመረጠችው ለፍል ውሃዋና ለአየሯ እንጂ ለመንገድ አመቺ በመሆኗ አልነበረም። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከእንጦጦ ጀምሮ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ዝቅ እስከሚለው የአቃቂ ሜዳ ድረስ መሬቷ አንድ ረጅም ተዳፋት ነው። በዚህ ተዳፋት ላይ ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔና ሌሎችም ወንዞች ከሰሜን ወደ ደቡብ እየወረዱ፣ ሸለቆ እየቆፈሩ፣ በመጨረሻ ወደ አዋሽ ይገባሉ። እንግዲህ በዚህች ከተማ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ መሄድ ማለት ወንዝ ማቋረጥ ማለት ነው። አዲስ አበባ የአበባ ከተማ ከመባሏ አስቀድሞ የድልድይ ችግር ያለባት ከተማ ነበረች።

የከተማይቱ አሰፋፈር ችግሩን አባባሰው። ንጉሡ በአንዱ ኮረብታ ላይ ግቢያቸውን ሲያቆሙ መኳንንቱ በየበኩላቸው ኮረብታ እየመረጡ፣ ሎሌና ጭፍራቸውን በዙሪያቸው እያሰፈሩ ተቀመጡ። የጦር ሰፈር ሥርዓት ነበርና በአንዱ ሰፈርና በሌላው መካከል ያለው ሸለቆ እንደ ድንበር ይቆጠር ነበር። የአንዱ መኰንን ሥልጣንም ሆነ ጥቅም ከሸለቆው አፋፍ ላይ ያበቃል። ታዲያ ሁለቱን ሰፈሮች የሚያገናኘውን ድልድይ ማን ይሥራ? ከተሠራስ በኋላ የማን ነው? ይህ ጥያቄ ያን ጊዜ መልስ አላገኘም፤ ርዝራዡም እስከ ዘመናችን ዘልቋል።

መኰንኑ በበቅሎ፣ አጃቢው በብዛት ይሻገራል። ውሃ ቀጂዋ፣ እንጨት ተሸካሚዋና ገበያተኛው ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ከወንዙ ጋር ለብቻቸው ይጋፈጡ ነበር። ወንዞቹ ሲሞሉ የከተማይቱ ሰፈሮች እርስ በርሳቸው እንደሚቆራረጡ፣ በሙላቱም ሕይወት እንደሚጠፋ የዘመኑ ተጓዦች ጽፈዋል። እሪ በከንቱ የሚባለውን ሰፈር ሁላችንም እናውቀዋለን። በዚያ ሸለቆ ወንበዴ ይዞት የሚጮህ መንገደኛ ጩኸቱ ሰሚ አያገኝም ነበርና ስሙ ከዚያ ወጣ ይባላል። ድልድይ በሌለበት ሸለቆ አንዱ ወገን የሌላውን እሪታ እንዴት ይደርስለታል? ይህ አንድ የሰፈር ስም ስለ ከተማይቱ የመጀመሪያ ዓመታት ከብዙ ገጽ ዜና መዋዕል ይልቅ ይናገራል።

ቆየት ብሎም ድልድዮች ተሠሩ። ከመካከላቸው በጣም የታወቁት ሁለቱ የራስ መኰንን ድልድይና የሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ናቸው። ራስ መኰንን በ1898 ዓ.ም.፣ የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴም በ1919 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ስማቸው ግን በድልድዮቹ ላይ እንዳለ ነው። ይህ ክብር ይገባቸው አይገባቸው አሁን የምንከራከርበት ጉዳይ አይደለም። ሆኖም ድንጋዩን የጠረበው፣ ኖራውን ያቦካው፣ ከዚያም በኋላ የተቦረቦረውን የግንቡን እግር ክረምት ካለፈ በኋላ እየወረደ የሞላው ሰው ስም የት አለ? የትም የለም።

ስሙን የተወ ባቡር

በ1890ዎቹ ዓመታት አፄ ምኒልክ ጠንካራ መንገድ ማሠራት ጀመሩ። ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም የሚወስደው መንገድ በኢጣሊያውያን መሐንዲሶች መሪነትና በአገሬው ሕዝብ ጉልበት ተሠራ። በዚያው ዘመን ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ ለመንገድ መደምደሚያ የሚሆን በእንፋሎት የሚሠራ መኪና ወደ አገር አስገባ። የጅቡቲው ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነውና ይህ ከባድ ብረት በረሃውንና ዳገቱን አልፎ እስከ ዋና ከተማይቱ የመጣው ሐዲድ ሳይኖር፣ በብዙ ሰው ጉልበት እየታገዘ ነበር። ያን ጊዜ ሞተር ያለው ነገር ሁሉ፣ ወፍጮው ሳይቀር፣ ባቡር ይባል ነበርና ሕዝቡ የሰርኪስ ባቡር ብሎ ሰየመው። ሰው ሁሉ ተደነቀበት፤ ስሙም በሕዝብ አፍ ገባ። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ቤድ ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል አዲስ አበባ ሲያደርስ፣ ለመኪና የሚሆን መንገድ አስፈላጊነት ይበልጥ ግልጽ ሆነ።

ከዚያስ ምን ሆነ? በከተማይቱ ሰሜናዊ ክፍል ሰባራ ባቡር የሚባል ሰፈር አለ። እንደሚነገረው ስሙን ያገኘው መንገድ ሊደመድም የመጣው ባቡር ተሰብሮ ከዚያ ስለቀረ ነው። ብረቱ እንደ ተገተረ ቀረ፤ ሰውም "ከሰባራው ባቡር አጠገብ" እያለ ቤቱን ማመልከት ጀመረ፤ በመጨረሻ ሰባራው የሰፈር ስም ሆነ።

ነገሩ ቀልድ ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ ረጋ ብሎ ለሚያስብ ሰው በዚህ ስም ውስጥ አንድ ከባድ የታሪክ ትምህርት አለ። መኪናውን ለመግዛት ገንዘብ አልጠፋም፤ ለመጎተት ጉልበት አልጠፋም፤ ለማድነቅም አፍ አልጠፋም። የጠፋው ሲሰበር የሚጠግነው ባለሙያ፣ መለዋወጫው ብረትና "ይህ ነገ ይሰበራል" ብሎ ዛሬ የሚያዘጋጅ ድርጅት ነበር። መሣሪያው መጥቶ መሣሪያውን የሚያኖረው ዕውቀት ሳይመጣ ሲቀር የሚተርፈው ስም ብቻ ነው።

የመንገድ ጠባቂው ቤት

ፋሺስት ኢጣሊያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በያዘበት ጊዜ ብዙ መንገድ ሠራ። የሠራው ግን ለእኛ ብሎ አልነበረም። ከአዲስ አበባ በየአቅጣጫው የተዘረጉት አውራ ጎዳናዎች ጦር ማመላለሻ ነበሩ፤ በከተማይቱም ውስጥ ነጩን ከጥቁሩ ለይቶ የማስፈር ዓላማ ነበረው። በአራዳ የነበረው ገበያ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ፣ እንዲዛወር የተደረገው በዚሁ ዓላማ ነው።

ሆኖም ከታሪክ ለመማር ጠላት የሠራውንም መመርመር ያስፈልጋል። ኢጣሊያውያን መንገድ ሲሠሩ በተወሰነ ርቀት ላይ ካንቶኒየራ የሚባል የመንገድ ጠባቂ ቤት ይሠሩ ነበር። ጠባቂው በዚያ ቤት እየኖረ በድርሻው የሚገኘውን መንገድ ይመለከታል፣ ቦዩን ይጠርጋል፣ የወደቀውን ድንጋይ ያነሣል፣ ጉድጓዱን ሳይሰፋ ይደፍናል። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነጻነታችን ሲመለስ መንገዶቹ ለእኛ ቀሩ፤ ጠባቂዎቹ ግን ሄዱ። ድልድዮችም በጦርነቱ ፈርሰው ነበር። ጥቂት ክረምቶች እንዳለፉ የአስፋልቱ ጠርዝ መበላት፣ ቱቦው መደፈን፣ መንገዱም ወደ ኮረኮንችነት መመለስ ጀመረ።

ስለዚህም በመስከረም 1943 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ ለመንገድ 5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ስትበደር የገንዘቡ ዋና ዓላማ ያሉትን መንገዶች ማደስና መጠገን ነበር። በዚያው ዓመት በጥር ወር የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በአዋጅ ተቋቋመ። አንባቢ ይህን ልብ እንዲልልን እንፈልጋለን፦ ይህ ታላቅ መሥሪያ ቤት ሲወለድ ከፊቱ የጠበቀው የመጀመሪያ ሥራ ጥገና ነበር። ገና ዐሥራ አምስት ዓመት እንኳ ባልሞላቸው መንገዶች ላይ የተፈጸመው ቸልታ አገሪቱን ለብድር ዳረጋት።

የበዓል መንገድ

ከተማ ውስጥ ደግሞ ሌላ ልማድ ሥር ሰደደ። መንገድ የሚሠራውና የሚታደሰው በዓል ሲደርስ ሆነ። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ለዘውድ በዓል ከውጭ አገር እንግዶች ሲጠሩ ጎዳናዎች በጥድፊያ ተስተካከሉ፣ ለዓይን የማያምሩ ጎጆዎችም በአጥር ተከለሉ። በ1948 ዓ.ም. የንግሥናው 25ኛ ዓመት ሲከበር፣ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች ሲሰበሰቡም ከተማይቱ እንደዚሁ ተኳለች። የዘውዱ ሥርዓት ከወደቀ በኋላም ልማዱ አልወደቀም፤ በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር ቀለሙና ጥድፊያው ተደገመ። ባንዲራው ተለወጠ፣ መፈክሩ ተለወጠ፤ በዓል ጠብቆ መንገድ የማስዋብ ጠባይ ግን ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው ተወረሰ።

ለእንግዳ ቤት ማሰናዳት ነውር አይደለም፤ ያገራችን ባህል ነው። ነውሩ እንግዳው ሲሄድ መጥረጊያውን መጣል ነው። የበዓል መንገድ የሚያልፈው እንግዳው በሚሄድበት በኩል ነውና ዋናው ጎዳና ሲያብረቀርቅ ከኋላው ያለው ሰፈር በጭቃ ይቀራል። በዓሉም ካለፈ በኋላ ለጥገና የሚመደብ ሠራተኛና ገንዘብ አይታሰብም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ለጠገነ ሰው ሪባን አይቆረጥለትም፣ ፎቶግራፍም አይነሣለትም።

የሰፈሩ አካፋ

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የሕዝብ እንዲሆን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት እንዲቋቋሙ ሲደነግግ ከሰጣቸው ተግባራት አንዱ ከመንግሥት ጋር በመተባበር የትምህርት፣ የጤና፣ የገበያ፣ የመንገድና የመሳሰሉትን አገልግሎቶች ማደራጀት ነበር። የሰፈሩ መንገድ የሰፈሩ ሰው ጉዳይ መሆኑ በሕግ ሲጻፍ ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። በቀበሌ ዘመቻ ዶማና አካፋ ይዞ የወጣው ነዋሪ የድንጋይ መተላለፊያ ዘርግቷል፣ ቦይ ቀዷል፣ ትንንሽ መሸጋገሪያዎችን ሠርቷል።

የዚያ ዘመን ታሪክ አንድ ወጥ መልክ የለውም። በዚያው ቀበሌ የፈሰሰ ደም፣ በግዴታ የተሰለፈ ጉልበት፣ በፍርሃት የተነሣ አካፋ አለ፤ ይህን የሚሸፍን ታሪክ ታሪክ አይባልም። ይሁን እንጂ ከዚያ መከራ ውስጥም ተለይቶ ሊወጣ የሚገባው እውነት አለ፦ በራፉ ላይ ያለውን ቦይ ማን ሊጠርገው እንደሚገባ የሚያውቅ ሰፈር መንገዱ ቶሎ አይሞትም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ግን ሎሚው በውድ እንጂ በግድ ሲሸከሙት ጌጥ አይሆንም። ግዴታው ሲነሣ የጋራው ሥራም አብሮ የቀረው ለዚህ ነው።

በ2000ዎቹ ዓመታት የተስፋፋው የኮብልስቶን ሥራ ይህን አሳብ በሌላ መልክ አመጣው። በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ድንጋይ እየጠረቡና እየደረደሩ በብዙ መንደሮች ጭቃን አስቀሩ። ይህ መንገድ ትልቅ መኪና አይፈልግም፤ ሲሰምጥ ድንጋዩ ተነቅሎ፣ ሥሩ ተስተካክሎ፣ ያው ድንጋይ ተመልሶ ይደረደራል። የጠረበው እጅ መልሶ ሊጠግነው ይችላል። ነገር ግን ለውሃ ወይም ለሽቦ ሲባል ተቆፍሮ፣ ድንጋዩ በጎን ተከምሮ የሚቀርበት ስፍራ ጥቂት አይደለም። የቆፈረ ሳይከድን ሲሄድ ጠያቂ የለበትም።

ውሃ እያሳሳቀ

ከዚህ ላይ መንገድና ድልድይ እንዴት እንደሚሞቱ መናገር ተገቢ ነው፤ የአሟሟታቸውን ጠባይ ያላወቀ ሊያድናቸው አይችልምና። መንገድን የሚገድለው ከመኪናው ክብደት ይልቅ ውሃው ነው። ፀሐይና ጎማ አስፋልቱን ይሰነጥቁታል፤ ስንጥቁ እንደ ፀጉር ቀጭን ሳለ በጥቂት ሬንጅ ሊዘጋ ይችላል። ካልተዘጋ ዝናቡ በስንጥቁ ገብቶ ከሥር ያለውን ጠጠርና አፈር ያላላዋል፤ መኪና ሲያልፍበት ይሰምጣል፤ የሰመጠው ይሰበራል፤ የተሰበረው ጉድጓድ ይሆናል። በቦሌና በአቃቂ በኩል ያለው ጥቁር አፈር ደግሞ ውሃ ሲጠጣ ይነፋል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ያለውን መንገድም አብሮ ያናውጠዋል። አበው "ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል" ያሉት ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

የድልድይ ጠላትም ያው ውሃ ነው። የክረምት ጎርፍ የምሰሶውንና የግንቡን እግር ከሥር ይቦረቡራል፤ ላዩ ደህና መስሎ ሳለ እግሩ ባዶ ይሆናል። በወንዙ ውስጥ የተጣለ ቆሻሻ መተላለፊያውን ሲዘጋ ውሃው ጎን ጎኑን ይበላል። ከላይ ያለው የዝናብ ማፍሰሻ ሲደፈን ውሃው በሲሚንቶው ውስጥ ሰርጎ ብረቱን ያዝገዋል። ይህን ሁሉ ለማወቅ አንድ ሰው በየዓመቱ፣ ከክረምት በፊትና በኋላ፣ ከድልድዩ ሥር ወርዶ መመልከት አለበት። ዋናው ጥበብ ይህ መውረድ ነው። ከላይ የሚያልፈው ሺህ ሰው የማያየውን ከታች የወረደው አንዱ ያያል።

በሕግና በድርጅት በኩል ሲታይ ነገሩ አልተዘነጋም። በአዋጅ ቁጥር 66/1989 የመንገድ ፈንድ ሲቋቋም ከነዳጅ ሽያጭ የሚሰበሰብ ገንዘብ ለጥገና እንዲውል ተደረገ፤ በመንገድ የሚጠቀም ሁሉ መንገዱን ያኑር የሚል ትክክለኛ መርሕ ነበር። በ1990 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ መንገዶች ባለሥልጣን ተቋቁሞ የከተማይቱን መንገዶች መሥራትና መጠገን ተረከበ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በቻይና ተቋራጭ የተሠራው 33 ኪሎ ሜትር ገደማ የቀለበት መንገድ፣ ቀጥሎም የጎተራው ማሳለጫ፣ ለከተማይቱ ከዚያ በፊት ያላወቀችውን ዓይነት ድልድይ አመጡላት። መሻገሪያው ከወንዝ በላይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ከመኪና በላይም ሆነ። ድልድይ በበዛ ቁጥር ከሥሩ ወርዶ የሚያይ ሰውም መብዛት ነበረበት።

በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር ምን ሆነ? 41 ባቡሮች ተገዝተው መጡ፤ ሕዝቡም እንደ ጥንቱ ተደነቀ። በ2015 ዓ.ም. ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመለዋወጫ እጦትና በጥገና ጉድለት ከሥራ ውጪ ሆነው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ርቀት ያላቸው ሁለቱ ባቡሮች በአንድ ዓይነት ምክንያት ቆሙ። ሰባራ ባቡር የሰፈር ስም ብቻ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ አይገኝም።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ብዙ ጎዳናዎች ሰፍተዋል፤ የእግረኛ መንገዶች ተነጥፈዋል፤ ፒያሳና አካባቢዋ መልካቸውን ለውጠዋል። በዚህ ሂደት ስለ ፈረሱት ሰፈሮችና ስለ ተበተነው ጉርብትና ብዙ የሚጻፍ አለ፤ እርሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይሻል። እዚህ የምናነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ ከዐሥር ክረምት በኋላ እነዚህን ጎዳናዎች የሚጠብቅ ሠራተኛ፣ ገንዘብና ዕቅድ ዛሬ ተለይቶ ተቀምጧልን? ጥያቄው የሥራው ጠላት ጥያቄ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። ሥራውን የሚወድ ሰው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ከ1923 ጀምሮ የበዓል መንገድ ምን እንደ ደረሰበት ያየ ሕዝብም የመጠየቅ መብት አለው።

የኪነ ጥበብ ድርሻ

ይህ ጉዳይ ለመሐንዲሶች መጽሔት እንጂ ለኪነ ጥበብ መጽሔት ምኑ ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሳችን እንደሚከተለው ነው። አንድ ኅብረተሰብ የሚያከብረውን ይሠራል፤ የሚዘፍንለትን ያከብራል። እኛ የብዕር ሰዎች ስለ ጀግናው፣ ስለ መሥራቹ፣ መሠረት ስለ ጣለው ብዙ ግጥም ገጥመናል፤ ብዙ ተውኔትም ለመድረክ አብቅተናል። በሌሊት ቱቦ ውስጥ ገብቶ ደለል ስለሚያወጣው፣ በቀትር ፀሐይ ትኩስ ሬንጅ ስለሚደለድለው፣ ክረምት ሳይገባ ቦይ ስለሚጠርገው ሰው የጻፍነው ግን ስንት ነው? በመድረካችን ላይ ጠጋኝ ሲታይ ብዙውን ጊዜ ለማሳቅ ነው። የተሰረቀ የጉድጓድ ክዳን የሚሸጠውና የሚገዛው፣ ቆሻሻ ወደ ወንዝ የሚለቀው ሰው ሳያፍር የሚኖረው፣ የሚጎዳውን ነገር ዋጋ ያሳየው ስለሌለ ጭምር ነው።

እንግዲህ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ በየድልድዩ ላይ የተሠራበት ዓመት ብቻ ሳይሆን የተጠገነባቸው ዓመታትም በድንጋይ ይቀረጹ፤ ባዶ የቀረው ስፍራ ለሚያልፈው ሁሉ ጥያቄ ይሆናል። ሁለተኛ፣ መምህራን ተማሪዎቻቸውን በአቅራቢያቸው ወዳለው ድልድይ ይውሰዱ፤ ልጆቹ ከክረምት በፊትና በኋላ ያዩትን በመዝገብ ይጻፉ። ይህ የታሪክም፣ የሳይንስም፣ የዜግነትም ትምህርት ነው። ሦስተኛ፣ ሕዝብን በማደራጀት ኃላፊነት ላይ ያሉ ሁሉ አዲስ መንገድ ሲመረቅ የጥገናው ዕቅድም አብሮ በአደባባይ እንዲነበብ ያድርጉ፤ ሰፈሩም በውድ፣ በምክክር፣ በራሱ ኮሚቴ የቦዩን ድርሻ ይያዝ።

ገጣሚውና ጸሐፌ ተውኔቱስ? እርሱም ከድልድዩ በታች ይውረድ። ከላይ ሆኖ የወንዙን ዳር ውበት ማየት የለመደ ዓይን ከታች ያለውን የተቦረቦረ ድንጋይና በዚያ ላይ ሲሚንቶ የሚለስነውን እጅ ይመልከት፤ ያየውንም ለሕዝብ ይንገር። ክረምቱ ማንም ጠራው አልጠራው በሰኔ ይመጣል፤ ከእንጦጦ የሚወርደውም ጎርፍ ድልድዩ በማን ስም እንደ ተሰየመ አይጠይቅም። የሚፈትነው ባለፈው በጋ ማን እንደ ጠበቀው ነው።